ከዘርማት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ፦ የኮንትራት መኪናው የሚጠብቅዎት ቴሽ ላይ ነው

የጉዞ ጥያቄና መልስ

በስዊዘርላንድ የቫሌ ካንቶን፣ በማተርሆርን ተራራ ሥር የምትገኘው ዘርማት መኪና የማይገባባት የመዝናኛ መንደር ናት። ባለፉት ሳምንታት ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ከዚያች መንደር ተነሥቶ በኮንትራት መኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስለ መሄድ የሚጠይቁ በመሆናቸው የዚህን ወር ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። በጥያቄዎቹም ሆነ በመልሶቹ የተጠቀሱት ሰዓቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ወላጆቼ ሊጠይቁኝ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ዘርማት ሁለት ሌሊት አሳድሬ ከዚያው በቀጥታ ወደ ጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ ልሸኛቸው አስቤያለሁ። በረራቸው 20፡30 ላይ ነው። እናቴን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውጣትና መውረድ ይከብዳቸዋል፤ አራት ትልልቅ ሻንጣም ይዘዋል። አንድ የትራንስፖርት ድርጅት «ከሆቴሉ በር እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር አደርሳቸዋለሁ» ብሎ ዋጋ ልኮልኛል። መኪና በማይገባበት መንደር ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? (ከጄኔቫ)

መልስ፦ ድርጅቱ ዋሽቷል ብሎ ለመፍረድ አያስደፍርም፤ ነገር ግን የነገረዎት ግማሹን ብቻ ነው። በነዳጅ የሚሠራ የእንግዳ መኪና ዘርማት አይገባም። ከሸለቆው ግርጌ ካለችው ከቪስፕ ከተማ ተነሥቶ ሸለቆውን ይዞ የሚወጣው መንገድ ለሕዝብ ክፍት የሆነው ከዘርማት 5 ኪሎ ሜትር ያህል እስከምትርቀው እስከ ቴሽ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ጠባብ መንገድ የሚጠቀሙት ፈቃድ ያላቸው ተሽከርካሪዎች ናቸው። ስለዚህ ከጄኔቫም ይምጣ ከዙሪክ፣ ዋጋውም የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ የኮንትራት መኪናው እንግዶቹን የሚረከበው ቴሽ ላይ ነው። «ከበር እስከ በር» የሚለው ቃል የሚጸናው ድርጅቱ የመንደሩን የኤሌክትሪክ ታክሲና እስከ ቴሽ ያለውን ባቡር ራሱ ካዘጋጀና ከከፈለ ነው። ይህን የጉዞ ክፍል ለተጓዡ ትተው ከቴሽ ወዲህ ያለውን ብቻ የሚያስከፍሉ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ከሆቴሉ በር እስከ ቴሽ ላለው መንገድ ኃላፊው ማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱልዎ ያድርጉ። ወላጆችዎ ቴሽ ዘግይተው ቢደርሱ ሹፌሩ ምን ያህል ደቂቃ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚጠብቅ፣ ከዚያ በኋላም በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል እዚያው ላይ ይጻፍ። «አይዞዎት፣ ችግር የለም» የሚለው የስልክ መልስ የበረራው ቀን ማስረጃ አይሆንም።

መንገዱ በተግባር እንዲህ ነው። ዘርማት ውስጥ የሚንቀሳቀሱት በአራት ጎማ ላይ የቆመ ቁም ሣጥን የሚመስሉ፣ ጠበብና ረዘም ያሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ ፍጥነታቸውም በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ተገድቧል። አንዳንድ ሆቴሎች የራሳቸው ስላላቸው እንግዳውን እስከ ባቡር ጣቢያው ያደርሳሉ፤ የሌላቸው ደግሞ ታክሲ ይጠሩልዎታል። በበረራው ቀን ሳይሆን በዋዜማው ማታ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰዓቱን ያስመዝግቡ፤ አራት ትልልቅ ሻንጣ እንዳለም ይናገሩ፣ ምክንያቱም እነዚህ መኪኖች ሰው ከሞላባቸው ለጓዝ የሚተርፋቸው ቦታ ትንሽ ነው። ከዘርማት ጣቢያ ወደ ቴሽ የሚመላለሰው ባቡር በቀን በየ20 ደቂቃው ይነሣል፤ ጉዞው 12 ደቂቃ ያህል ነው። ለእናትዎ የሚበጀው ይህ ባቡር ወለሉ ዝቅ ያለና ከመሳፈሪያው ጋር የተስተካከለ መሆኑ ነው፤ ሻንጣው የተጫነበት ጋሪም እየተገፋ በቀጥታ ፉርጎው ውስጥ ይገባል። ቴሽ ሲደርሱ ያንኑ ጋሪ እየገፉ በትልቁ የመኪና ማቆሚያ ተርሚናል በኩል ሹፌሩ ወደሚጠብቅበት ቦታ ይወጣሉ። ሻንጣ የሚነሣው በሆቴሉ በር፣ በዘርማት ጣቢያና በመኪናው የሻንጣ ማስቀመጫ ላይ ብቻ ስለሚሆን፣ ሰዎች የሚፈሩትን ያህል አድካሚ አይደለም።

ባቡሩንም ለመተው ከፈለጉ ሌላ መንገድ አለ። ቴሽ ውስጥ የሚሠሩና ፈቃድ ያላቸው ታክሲዎች እንግዳን ከዘርማት መግቢያ አንሥተው ቴሽ ያወርዳሉ፤ እስከ መግቢያው ድረስ ግን ያው በኤሌክትሪክ መኪና መምጣት ግድ ነው። በእኔ አስተያየት ይህኛው የሚጠቅመው ባቡር በሚሳሳበት በሌሊት እንጂ በእናንተ ሰዓት አይደለም፤ የማውረድና የመጫኑ ቁጥር በባቡሩ ከመሄድ አያንስምና።

ሰዓቱን ከበረራው ወደ ኋላ እየቆጠርን እናስላው። ለ20፡30 በረራ ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ማለትም 17፡30 ላይ አውሮፕላን ማረፊያው መገኘት ይገባል። ከቴሽ ጄኔቫ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መንገዱ ከተሳካ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ክፍል እስከ ቪስፕ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ከቪስፕ እስከ ሲዬር ያለው አውራ ጎዳናም ሙሉ ለሙሉ ተሠርቶ ስላላለቀ በከፊል በተራው መንገድ ይታለፋል፤ በመጨረሻም ከሎዛን እስከ ጄኔቫ ያለው ጎዳና ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ይጨናነቃል። እርስዎ የጄኔቫ ነዋሪ ስለሆኑ ይህን የመጨረሻውን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ስለዚህ ከቴሽ 13፡30 ላይ መነሣት፣ ለዚህም ከዘርማት 13፡00 ገደማ የሚነሣውን ባቡር መያዝ፣ ከሆቴሉ ደግሞ 12፡30 ላይ መውጣት በቂ ትርፍ ጊዜ ይሰጣችኋል። ሆቴሉ ክፍሉን ከዚያ ቀድሞ ስለሚረከብ ሻንጣውን እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀምጣችሁ ምሳ መብላት ትችላላችሁ።

ከአገር ቤት ለሚመጡ እንግዶች ቀጠሮ ስንይዝ የሚያጋጥም አንድ እንቅፋት ደግሞ አለ፤ እርሱም የሰዓት አቆጣጠር ነው። አባትዎ «መኪናው 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነው» ብለው በልባቸው የያዙት ቀጠሮ በሹፌሩ ስልክ ላይ 13፡30 ተብሎ ካልተጻፈ፣ አንዱ ጎሕ ሲቀድ ቴሽ ቆሞ ሌላው ምሳውን ሊበላ ይችላል። ለሹፌሩ በሚላከው መልእክት ላይ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም በ24 ሰዓት አጻጻፍ ይቀመጥ፤ ለወላጆችዎ ደግሞ በአማርኛ ለብቻው በወረቀት ጽፈው ይስጧቸው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የኮንትራት መኪና የሚከፈለው በሰው ቁጥር ሳይሆን በመኪና ነው፤ ከቴሽ ጄኔቫም ሂሳቡ በመቶዎች የሚቆጠር ፍራንክ ነው። ባቡር ግን ከዘርማት ተነሥቶ ቪስፕ ላይ አንድ ጊዜ ተለውጦ ጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ አራት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያደርሳል። ለአንድ ወይም ለሁለት ጤነኛ ሰዎች መኪና መኮናተር ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትና ለአራት ሻንጣ ግን ቪስፕ ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከአንዱ መሳፈሪያ ወደ ሌላው መሻገሩ ከባድ ስለሆነ፣ በእናንተ ሁኔታ መኪናው ዋጋውን ያወጣል።

እናትዎ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ጥያቄው ለአየር መንገዱ ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት መድረስ አለበት፤ የኮንትራት መኪናው ሹፌር ይህን ሊያደርግልዎ አይችልም። «ከፍታው ያማቸው ይሆን?» የሚል ስጋት ካለዎትም፣ ዘርማት 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ስለሆነች ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። ጥንቃቄ የሚያሻው በጥርስ ባቡር (የሐዲዱን ጥርስ እየነከሰ ዳገት በሚወጣ ባቡር) 3,089 ሜትር ወደሚደርሰው ጎርነርግራት ወይም በኬብል መኪና 3,883 ሜትር ወደሚደርሰው ክላይን ማተርሆርን ሲወጡ ነው። ያንን ለመጀመሪያው ቀን አድርጉት፤ በበረራው ቀን ጠዋት ወደ ተራራ አትውጡ።

ጥያቄ፦ በአይሁድ የሐኑካ በዓል ዕረፍት ከባለቤቴና ከአራት ልጆቻችን ጋር ዘርማት እንሄዳለን። የመመለሻ በረራችን እሑድ ጠዋት 10፡00 ሰዓት ከዙሪክ ነው። ሰንበትን ስለምናከብር ቅዳሜ ፀሐይ ሳትጠልቅ መንቀሳቀስ አንችልም። ሌሊቱን በኮንትራት መኪና መጓዝ ይሻላል ወይስ እሑድ ማለዳ? በረዶውስ? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ እሑድ ማለዳ የሚለውን ሐሳብ ይተዉት። ለ10፡00 ሰዓት በረራ 7፡00 ላይ ዙሪክ ለመገኘት ከቴሽ 3፡00 ላይ መነሣት ያስፈልጋል፤ በዲሴምበር በረዶ አራት ሕፃናትን በዚያ ሰዓት ከአልጋ አንሥቶ ተራራ ማውረድ ለማንም አይመከርም፤ አንዲት መሰናክል ብትፈጠርም በረራው አመለጠ ማለት ነው። በዲሴምበር ዘርማት ላይ ሰንበት የሚወጣው 18፡00 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ምሽቱ በእጃችሁ ነው። ሻንጣችሁን ዓርብ ቀትር ላይ አሰናድታችሁ፣ ቅዳሜ ማታ ሰንበት እንደወጣ ወርዳችሁ በዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ እደሩ።

በመኪና ከሆነ ሁለት ነገር ይወቁ። ከቴሽ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት የሚወስደው አጭሩ የክረምት መንገድ በሎችበርግ በኩል የሚያልፈው ነው። እዚያ መኪናው ራሱ፣ ተሳፋሪዎቹ ውስጡ እንደተቀመጡ፣ ከጎፕንሽታይን ባቡር ላይ ይጫንና ተራራውን በዋሻ አቋርጦ በ15 ደቂቃ ካንደርሽቴግ ይደርሳል። የፉርካና የግሪምዝል ተራራ መንገዶች በክረምት ዝግ ናቸው፤ ሌላው አማራጭ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዞሮ በበርን በኩል መውጣት ሲሆን ረጅም ነው። የመኪና ባቡሩ ክፍያ በኮንትራቱ ዋጋ ውስጥ መግባቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ቅዳሜ ደግሞ የበረዶ መንሸራተቻ እንግዳ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀን ስለሆነ ጎፕንሽታይን ላይ ሰልፍ ሊኖር ይችላል፤ እየመሸ ሲሄድ ግን ይቀላል።

ሁለተኛው የልጆቹ ጉዳይ ነው። በስዊስ ሕግ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች የሆነና ቁመታቸው 150 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጆች በሙሉ በልጅ መቀመጫ ላይ መታሰር አለባቸው። ስድስት ሆናችሁ ስለምትጓዙ ስምንት ሰው የሚጭን ሚኒባስ ያስፈልጋችኋል፤ የአራቱንም ልጆች ዕድሜና ቁመት ለድርጅቱ ጽፈው ይላኩ። «የልጅ መቀመጫ አለን» የሚለው መልስ ስንት እንዳላቸው አይነግርዎትም። ለሕፃን የሚሆነውና ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆነው ከፍ ማድረጊያ የተለያዩ ናቸውና ሁለቱንም በስም ይጥቀሱ።

ባቡሩን ግን በቀላሉ አይለፉት። በበረዶ ሌሊት ከመኪና ይልቅ ባቡር ይታመናል፤ ከዘርማት ወደ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያም ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው የሚፈጅበት። ቪስፕ ላይ ይለወጣል፤ እንደ ሰዓቱ ዙሪክ ዋና ጣቢያም ሌላ ለውጥ ሊኖር ይችላል። ከቪስፕ በኋላ ባቡሩ በ2007 በተከፈተው 34.6 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሎችበርግ ዝቅተኛ ዋሻ ስለሚያልፍ የተራራው በረዶ አያገኘውም። ልጆቹ ሻንጣ መጎተት የሚችሉ ከሆኑ ባቡሩን፣ ትንንሾች ከሆኑና አንቀላፍተው መሸከም የሚኖርባችሁ ከሆነ መኪናውን እመርጣለሁ።

በረዶን በሚመለከት፣ ቁም ነገሩ ከቴሽ በታች ያለው ጎዳና ሳይሆን የዘርማት ሸለቆ ራሱ ነው። በጃንዋሪ 2018 በበረዶ ናዳ ስጋት መንገዱም ባቡሩም ተዘግቶ 13,000 ያህል እንግዶች መንደሩ ውስጥ ቀርተው ነበር፤ ከነርሱ ጥቂቶቹ በሄሊኮፕተር ወጡ። በኤፕሪል 2025ም፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ከባድ በረዶ መንደሯን ከመንገድም ከባቡርም ቆርጧት ነበር። እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ ባቡርን ከኮንትራት መኪና የሚለየው ነገር የለም፤ ሁለቱም የሚጠብቁዎት ከናዳው ወዲያ ማዶ ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ መንገዱ በባለ ሥልጣን ትእዛዝ ቢዘጋ ገንዘቡ እንደሚመለስ ወይም ቀኑ እንደሚዛወር የሚገልጽ አንቀጽ ይኑር፤ የጉዞ መድናችሁም በመንገድ መዘጋት ያመለጠ በረራን የሚሸፍን መሆኑን ከወዲሁ ያንብቡ። በረራው በዘገየ ጊዜ አየር መንገዱ የሚከፍለው ካሣ እናንተ ለዘገያችሁበት ጉዳይ አይሠራም። ከባድ በረዶ እንደሚጥል ማስጠንቀቂያ ከወጣ ዓርብ ጠዋት ቪስፕ ወርዳችሁ ሰንበትን እዚያ ማሳለፉ ከሁሉ ይሻላል፤ የዘርማቱ ሆቴል የአንድ ሌሊት ሂሳብ ቢያስከፍልም።

ጥያቄ፦ ሎዛን የሚኖር የአጎቴ ልጅ ሰባት ሰው የሚጭን መኪና አለው። «ለድርጅት ከምትከፍሉ ግማሹን ስጡኝና እኔ ከቴሽ አምጥቼ አደርሳችኋለሁ» ይላል። ከዚህ በፊትም የማኅበራችንን እንግዶች እንዲሁ አመላልሷል። የሚያስጠይቀው ነገር አለ? (ከበርን)

መልስ፦ አለ፤ የአጎትዎን ልጅ ቅር ሳያሰኙ ቢነግሩት መልካም ነው። በስዊዘርላንድ ሰውን በመኪና ማጓጓዝ እንደ ሙያ የሚቆጠረው ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው። አንደኛው ከ16 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መደጋገሙ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚከፈለው ገንዘብ ከመኪናው ወጪና ከሹፌሩ የኪስ ወጪ አልፎ ትርፍ የሚያስገኝ መሆኑ ነው። የነዳጅና የመኪና ማቆሚያ ሂሳብ ተካፍሎ ዘመድን ማድረስ የቤተ ዘመድ ነገር ነው፤ ማንም አይጠይቅበትም። የድርጅቱን ግማሽ ዋጋ መቀበል ግን ከነዳጅ ብዙ ያልፋል፤ በተከታታይ ሳምንታት የማኅበር እንግዶችን የሚያመላልስ ከሆነም የመጀመሪያው መስፈርት ተሟልቷል።

እንዲህ ለሚሠራ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ 121 የሚል ምልክት መግባት አለበት። ይህም በፈተና የሚገኝ ሲሆን የሥራና የዕረፍት ሰዓትን የመመዝገብ ግዴታም ያስከትላል። ከሁሉ የሚከፋው የመድኑ ጉዳይ ነው፤ ለግል አገልግሎት የተመዘገበ መኪና በክፍያ ሰው ጭኖ አደጋ ቢደርስበት የመድን ድርጅቱ ለተጎዳው ሰው የከፈለውን ከባለ መኪናው ለማስመለስ ሊነሣ ይችላል። በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣና በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ ዘመድ ካላችሁም፣ ያ ፈቃድ መኖሪያ ካገኘበት ቀን አንሥቶ ለ12 ወራት ብቻ እንደሚያገለግልና ለክፍያ ሥራ ጭራሽ እንደማይሆን ይወቅ።

ወገን ለወገን መሥራቱ እጅግ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ የአጎትዎ ልጅ ሥራውን ከወደደው ምልክቱን አውጥቶ፣ መኪናውን በአግባቡ አስመዝግቦ ቢገባበት እንመክረዋለን። በአማርኛ የሚያነጋግርና እናቶችን እጃቸውን ይዞ የሚያወርድ ሹፌር ፈላጊ አያጣም።

ጥያቄ፦ በዱባይ በቤት ሠራተኛነት እሠራለሁ። አሠሪዎቼ በበጋ ወደ ዘርማት ይዘውኝ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ከሚላን ስለሚበሩ እነርሱ በአንድ መኪና፣ እኔና ሻንጣው በሌላ መኪና እንሄዳለን ብለውኛል። ቪዛዬ የስዊዘርላንድ ነው። ጣልያን ስገባ ችግር ይገጥመኝ ይሆን? ፓስፖርቴ እነርሱ ጋ ነው የሚቀመጠው። (ስሜ ይቅር፣ ከዱባይ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ስለ ቪዛው አይጨነቁ። ስዊዘርላንድ ከ2008 ጀምሮ በሼንገን (በመካከላቸው መደበኛ የፓስፖርት ቁጥጥር ባስቀሩ የአውሮፓ አገሮች ክልል) ውስጥ ስላለች ያወጡልዎት የሼንገን ቪዛ ጣልያንንም ይሸፍናል፤ ከዘርማት በመኪና ወደ ሚላን ማልፔንሳ መሄድም ከሼንገን እንደ መውጣት አይቆጠርም። ማየት ያለብዎት ቪዛው ላይ የተጻፈው የመጨረሻ ቀን ከበረራው ቀን አለማነሱን ብቻ ነው።

አሳሳቢው ፓስፖርቱ ነው። መኪናው በሲምፕሎን ተራራ መንገድ፣ 2,005 ሜትር ከፍታ ላይ ወጥቶ፣ ጎንዶ በምትባል የስዊስ መንደር በኩል ወደ ጣልያን ይገባል። ስዊዘርላንድ በሼንገን ውስጥ ብትሆንም ከአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ክልል ውጭ ስለሆነች እዚያ የጉምሩክ ጣቢያ አለ፤ ፖሊሶችም መኪና አቁመው ሰነድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ፓስፖርትዎ ሌላ መኪና ውስጥ ከሆነ የሚጉላሉት እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አሠሪዎችዎን «መኪኖቹ ስለሚለያዩ ድንበር ላይ ፓስፖርት ይጠይቁኛል» ብለው በዋዜማው ይቀበሏቸው፤ ይህ ለእነርሱም ጉዞ የሚበጅ ስለሆነ ሊከፋቸው አይገባም። ያ ባይሆንም ፓስፖርቱ የእርስዎ ነው፤ በኤምሬትስ ሕግም የቤት ሠራተኛ የመታወቂያ ሰነዶቿን ራሷ ዘንድ የመያዝ መብት አላት። የፓስፖርቱንና የቪዛውን ፎቶ ስልክዎ ውስጥ ያስቀምጡ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳሉ ችግር ቢገጥምዎ የፖሊስ ስልክ 117 ነው።

ሻንጣው ከእርስዎ ጋር የሚሄድ ከሆነ በውስጡ ያለውን ይወቁ። በመኪና ወደ አውሮፓ ኅብረት ክልል ለሚገባ መንገደኛ ያለ ቀረጥ የሚፈቀደው ዕቃ በሰው እስከ 300 ዩሮ ዋጋ ያለው ነው፤ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብም ይመዘገባል። አሠሪዎችዎ ዘርማት ላይ የእጅ ሰዓት ወይም ጌጥ ከገዙ ዕቃውም ደረሰኙም በእነርሱ መኪና፣ በእነርሱ እጅ ይሁን። የስዊስ የሽያጭ ግብር ተመላሽ የሚፈልጉ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ማኅተም የሚደረገው አገሩን ሲለቁ፣ ጎንዶ ላይ ስለሆነ ማልፔንሳ ደርሰው ቢጠይቁ አያገኙትም፤ ይህንንም ቢነግሯቸው ያመሰግኑዎታል። ማልፔንሳ ላይ ሲወጡ በኦክቶበር 2025 በተጀመረው አዲሱ የመግቢያና መውጫ ምዝገባ ምክንያት ፎቶ ሊነሡና ሰልፉ ሊረዝም ስለሚችል፣ የእርስዎ መኪና ከእነርሱ ወደ ኋላ እንዳይቀር ለሹፌሩ ይናገሩ። ከቴሽ ማልፔንሳ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ መንገዱ ብዙ ጠመዝማዛ ስላለው ከመነሣትዎ በፊት ከበድ ያለ ምግብ አይብሉ።

ጥያቄ፦ ለሹፌሩ ጉርሻ መስጠት ግዴታ ነው? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ አይደለም። በስዊዘርላንድ የአገልግሎቱ ዋጋ ሂሳቡ ውስጥ የገባ ነው። ሻንጣውን ተሸክሞ ከረዳዎት ወይም በበረዶ ቆሞ ከጠበቀዎት ጥቂት ፍራንክ ጨምሮ ሂሳቡን ሙሉ ማድረግ ደግ ነው።

ጥያቄ፦ ዘርማት በጣም ውድ ስለሆነብን ሌላ መኪና የማይገባበት መንደር እየፈለግን ነው። የእነርሱስ ጉዞ እንዲሁ ነው? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ቦታው ይለያያል እንጂ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ የኮንትራት መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ይቀድማል። ቬንገን ከሆነ መኪናው ላውተርብሩነን ላይ ይቆምና በጥርስ ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ይወጣል። ቤትመርአልፕ የሚደርሱት በኬብል መኪና ስለሆነ፣ ማለዳ ለሚነሣ በረራ የመጀመሪያው ኬብል ስንት ሰዓት እንደሚወርድ ሳያዩ መኪና አይኮናተሩ፤ ካልደረሰላችሁ ታች ባለችው ቤተን ማደር ይሻላል። ለጓዝ የሚቀለው ሳስፌ ነው። መኪናውም የፖስታ አውቶቡሱም መንደሩ አፋፍ ላይ እስካለው ማቆሚያ ድረስ ስለሚገቡ በመካከል ሌላ ባቡር የለም፤ ከማቆሚያው እስከ ሆቴሉ ያለችውን ጥቂት መንገድ የኤሌክትሪክ ታክሲ ያደርሳችኋል። ከቪስፕም ብዙ ስለማይርቅ ከፍራንክፈርት በባቡር ለምትመጡት፣ ቪስፕ ላይ ወርዶ በፖስታ አውቶቡሱ መውጣት በቂ ነው፤ የኮንትራት መኪና የሚያስፈልጋችሁም አይመስለኝም።